ከክረምት በኋላ የጎልድፊሽ ገንዳዬ ውሃ አረንጓዴ ሆነ፤ ምን ላድርግ?

ጀማሪዋ ከገርጂ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ዓሣ የምታኖሩ ሁሉ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ሳሎናችን ውስጥ ርዝመቱ 80፣ ስፋቱ 35፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ አለን። አምስት ጎልድፊሾች አሉበት፤ ሁለቱ ሆዳቸው ድቡልቡል፣ ጅራታቸው ሰፊ ነው፣ ሦስቱ ደግሞ ተራዎቹ ረዘም ረዘም ያሉት ናቸው። በክረምቱ ወራት ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ከመስከረም ማብቂያ ወዲህ ግን ቀስ በቀስ አረንጓዴ መሆን ጀመረ። አሁን ጎመን የተቀቀለበት ውሃ መስሎ ከኋላ ያለው ግድግዳ ጨርሶ አይታይም። ዓሣዎቹም የሚታዩት ወደ ፊተኛው መስታወት ሲጠጉ ብቻ ነው። መስታወቱ ላይ ደግሞ በጣት ሲነካ የሚያዳልጥ አረንጓዴ ነገር ይለጠፋል።

ውሃውን በየሳምንቱ እሑድ ሙሉ በሙሉ እቀይራለሁ። ጠጠሩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ ያለ ሳሙና፣ በቧንቧ ውሃ ብቻ አጥቤ እመልሳለሁ። ሰኞና ማክሰኞ ያምራል፤ ሐሙስ ሲደርስ ያው ነው። ማሞቂያው 27 ዲግሪ ላይ ነው። መብራቱ ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ይበራል፣ ማታ ስንተኛ ይጠፋል። ምግብ የሚሰጡት ልጆቹ ናቸው፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ገንዳው የተቀመጠው ወደ ደቡብ በሚያይ ትልቅ መስኮት አጠገብ ነው። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ገንዳውን የምሞላው ከሮቶ ነው።

ዓሣዎቹን የሸጠልኝ ሰው አልጌ የሚባለውን ይህን አረንጓዴ ነገር የሚገድል ፈሳሽ መድኃኒት እንዳለው ነግሮኛል። ልጆቹ ለእያንዳንዱ ዓሣ ስም አውጥተውለታል፤ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ገንዳው ነው። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ሳልጠይቅ ምንም ነገር መጨመር አልፈለግሁም።

ንጹሕ ቤት

እኔ የማውቀው ቀላሉን መንገድ ነው። ዓሣዎቹን በባልዲ አውጪና ገንዳውን፣ ጠጠሩን፣ ማጣሪያውን በሙሉ በበረኪና እጠቢ። ደጋግመሽ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂና ፀሐይ ላይ አድርቂው። አንድም አልጌ አይተርፍም።

ባለ ገንዳው

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት በረኪናውን ተዪው፤ መድኃኒቱንም አትግዢ። ሥራዬ በሆቴሎችና በክሊኒኮች እንግዳ መቀበያ ውስጥ ያሉ የዓሣ ገንዳዎችን መንከባከብ ነው። በየዓመቱ ከኅዳር ጀምሮ ስልኬ የሚጮኸው አንቺ በጠየቅሽው ጉዳይ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የያዘሽ ምን እንደሆነ እንወቅ። ከገንዳው በንጹሕ ብርጭቆ ውሃ ቅጂና ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጪው። ከላይ ወደ ታች ስትመለከቺው አረንጓዴ ከሆነ፣ ችግሩ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው። ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ባክቴሪያ ነው፤ እሱን ሳትነኪው ራሱ ይጠራል። ጥርት ያለ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴው ያለው መስታወቱ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። ከገለጻሽ እንደተረዳሁት የመጀመሪያው ነው። ይህ አልጌ እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ በስፖንጁ ቀዳዳዎች ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። ብርሃንና ምግብ ካገኘ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ይሆናል። መስታወቱና ጠጠሩ ላይ የቀረው ጥቂቱ ሐሙስ ላይ ገንዳውን የሚሞላው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አልጌው ምግብ። ዓሣ ከስንጥቡና ከኩሱ አሞኒያ ይወጣል። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒያና ናይትራይት ዓሣ ይገድላሉ፤ ናይትሬት ብዙ ካልተጠራቀመ አይጎዳም። ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ ሲታጠብ ክሎሪኑ እነዚህን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል። በበረኪና ሲታጠብ ደግሞ ጨርሶ አንድም አይተርፍም። ከዚያ በኋላ አሞኒያውን የሚወስድ ማን ይቀራል? አልጌው ነው። አሞኒያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመገበው ነገር ነው። ስለዚህ ገንዳን አብዝቶ ማጠብ አልጌውን መቀለብ ነው። ይህን ለደንበኞቼ ስነግራቸው ብዙዎቹ አያምኑኝም፤ ንጽሕና የሚጎዳ አይመስላቸውም።

ከዛሬ ጀምሮ ውሃውን ሁሉ አትድፊ። በሳምንት አንድ ጊዜ ሲሶውን ብቻ ቀይሪ፤ ስትቀይሪም ውሃ የምታወጪበትን ቱቦ ጫፍ ጠጠሩ ውስጥ እየወጋሽ ቆሻሻውን ሳቢው። ስፖንጁን በወር አንድ ጊዜ፣ ከገንዳው ቀድተሽ ባወጣሽው ውሃ ውስጥ፣ በባልዲ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊና መልሺ። ቡናማ ሆኖ ቢቀር አትጨነቂ፤ ቡናማ መሆኑ ጤንነቱ ነው።

ወደ ፀሐይዋ ልምጣ፤ በክረምት ደህና ሆኖ ከመስከረም በኋላ የተለወጠበት ምክንያት እዚያ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ሚያዝያ መግቢያ የቀትር ፀሐይ በስተ ደቡብ በኩል ታዘነብላለች፤ ታኅሣሥ ላይ ይበልጥ ዝቅ ትላለች። በዚህ ላይ የክረምቱ ደመና ተገፍፏል። ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት የምትገባው ፀሐይ አሁን ገንዳሽን ቀጥታ ታገኘዋለች ማለት ነው፤ በሐምሌ ግን አታገኘውም ነበር። የገንዳው መብራት ከዚህች ፀሐይ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ገንዳውን በውሃ እንደተሞላ ለማንቀሳቀስ እንዳትሞክሪ። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው፤ መስታወቱ ሲንጋደድ መጋጠሚያው ይላቀቃል። ይልቁንስ ጀርባውንና በመስኮቱ በኩል ያለውን ጎን ከውጭ በጥቁር ወረቀት ሸፍኚ፤ ጥቁር ካርቶንም ይሆናል። መጋረጃውንም ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ዝጊው። የገንዳውን መብራት ቤተሰቡ በሚሰበሰብበት ሰዓት ብቻ አብሪ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይበቃል። በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰዓት ቆጣሪ ይሸጣል፤ ያ መብራቱን በራሱ ያበራል፣ ያጠፋል።

ማሞቂያው ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ጎልድፊሽ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል፤ የአዲስ አበባ ሳሎንም ብዙውን ጊዜ ያንኑ ያህል ነው። በቀን አንድ አንድ ዲግሪ እየቀነስሽ አጥፊው። ሙቀቱ ሲቀንስ አልጌውም ይዘገያል፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም ይጨምራል።

ልጆቹን በምግቡ ጉዳይ አታስቀይሚያቸው፤ ግን በቀን አንድ ጊዜ ይሁን። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም፤ የበላው ቶሎ ስለሚያልፍ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ቁንጥር ያህል ስጧቸው። በሳምንት አንድ ቀን ቢጾሙ ምንም አይሆኑም።

አሁን ያለውን አረንጓዴ ለማጥፋት ማጨለም ነው። ሲሶ ውሃ ቀይሪና ገንዳውን በወፍራም ብርድ ልብስ ዙሪያውን ሸፍኚው፤ ከላይ ለአየር ክፍተት ተዪ። ለአራት ቀን ብርሃን የለም፣ ምግብ የለም። ጤነኛ ጎልድፊሽ አራት ቀን ሳይበላ መቆየት አያቅተውም። አልጌው ግን ያለ ብርሃን አይኖርም።

እዚህ ላይ ግን ልብ በይ። በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፉ ምክሮች የባሕር ዳርቻ ከተሞችን አስበው የተጻፉ ናቸው። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ 6 ይወርዳል። አልጌው በጨለማ ኦክስጅን ይጠቀማል፤ ሲሞትና ሲበሰብስ ደግሞ የበለጠ ይጨርሳል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋው ፓምፕ አራቱንም ቀን ሌት ተቀን መሥራት አለበት። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማልና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ሳታዘጋጂ ማጨለሙን አትጀምሪ። ማለዳ ማለዳ ልብሱን ገለጥ አድርገሽ ተመልከቺ። ዓሣዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር የሚጎርሱ ከሆነ ወዲያውኑ ሲሶ ውሃ ቀይሪ።

በአምስተኛው ቀን ልብሱን አንሺና ሲሶ ውሃ ቀይሪ፤ በማግስቱም ድገሚው። የሞተው አልጌ የለቀቀው አሞኒያ መውጣት አለበት። የሮቶውን ውሃ ከምትቀጂ ጀምሮ ክፍት በርሜል ውስጥ አንድ ቀን አሳድሪው፤ ክሎሪኑ ይተናል። በጠብታ የሚሸጠውን ክሎሪን ማጥፊያ ብትጨምሪበት የበለጠ እርግጠኛ ትሆኛለሽ። ውሃውን የምትቀይሪው ከሰዓት በኋላ ይሁን። በኅዳር ማለዳ ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ዓሣዎቹን ያስደነግጣቸዋል።

መድኃኒቱን ለምን እንደከለከልሁሽ ልንገርሽ። አልጌውን በአንድ ጊዜ ቢገድለው ምግቡን አያስወግደውም፤ የሞተው በስብሶ ለሚቀጥለው ምግብ ይሆናል። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ መዳብ ያለባቸው ናቸው፤ መጠኑ ትንሽ ካለፈ ዓሣ ይጎዳሉ፣ ቀንድ አውጣ ካለም ይገድላሉ።

በመጨረሻም የሚከብደውን ልናገር። በ100 ሊትር ውስጥ አምስት ጎልድፊሽ ብዙ ነው። ሦስቱ ተራዎቹ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋሉ፤ ቦታቸው የግቢ ኩሬ ነው። ሁለቱ ጅራተ ሰፊዎች ብቻቸውን ቢቀሩ ገንዳሽ ይበቃቸዋል። ልጆቹ እንደሚያዝኑ አውቃለሁ። ኩሬ ያለው ዘመድ ወይም ወዳጅ ቢገኝ እየሄዱ ሊጠይቋቸው ይችላሉ። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ግን ፈጽሞ እንዳይለቀቁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ባለ ገንዳው የጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ አልትራቫዮሌት መብራት ነው። ውሃውን በመብራቱ አጠገብ እያሳለፈ ተንሳፋፊውን አልጌ ይገድላል፤ ለ100 ሊትር 9 ዋት ይበቃል። በሳምንት ገደማ ውሃው ይጠራል። መስታወት ላይ የተለጠፈውን ግን አይነካውም። ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞልሽ የሚመጣ ዘመድ ካለ አንድ ነገር አስጠንቅቂው፦ እዚህ ያሉት አብዛኞቹ የሚሠሩት በ120 ቮልት ነው፤ የኢትዮጵያው 220 ያቃጥላቸዋል። መሣሪያው ላይ ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይኑር። መብራቱ ሲበራ ማንም በዓይኑ ቀጥታ እንዳያየው፤ ልጆች ካሉ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነውን ዓይነት ምረጪ።

ሐይቅ ዳር

እኔ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቀንድ አውጣ ለቅሜ ገንዳዬ ውስጥ ጨምሬ ነበር፤ መስታወቱን ያጸዳሉ። ገንዘብ አያስወጣም። ወደ ዝዋይ የሚወጣ ሰው ካለሽ ያምጣልሽ።

የቤተ ሙከራ ሰው

ሐይቅ ዳር፣ ወንድሜ፣ ይህን ምክር እባክህ አንሣው። እኔ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በሐዋሳ፣ በዝዋይና በጣና ዳርቻዎች ቢልሃርዚያ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ጥገኛ ትል የዕድገቱን ከፊል የሚያሳልፈው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ የአንጀቱን ቢልሃርዚያ የሚሸከመው ባዮምፋላሪያ የሚባለው፣ ዛጎሉ ጠፍጠፍ ብሎ የተጠቀለለው ነው። የተበከለ ቀንድ አውጣ ውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጮች ይለቃል። እጮቹ ቆዳን በስተው ይገባሉ፤ መቁሰል አያስፈልግም፣ እጅን ውሃው ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ገንዳ ውስጥ ደግሞ ልጆች እጃቸውን ሳያስገቡ አይውሉም።

በገንዳ ውስጥ ከሚራቡት የንግድ ቀንድ አውጣዎች አንዳንዶቹ ከዚሁ ቤተሰብ ስለሆኑ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በዓይን መለየት አይቻልም። ከፈለጋችሁ ገንዳ ውስጥ ከተወለደ ብቻ ውሰዱ። አንተም ከእነዚያ ቀንድ አውጣዎች ጋር እጅህ ነክቶ ከሆነ በአቅራቢያህ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደህ ተመርመር። ፕራዚኳንቴል የሚባል ርካሽና ጥሩ መድኃኒት አለው።

ሐይቅ ዳር

አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ቀንድ አውጣዎቹንስ ምን ላድርጋቸው?

የቤተ ሙከራ ሰው

የጎማ ጓንት አድርገህ ልቀማቸውና የፈላ ውሃ ድፋባቸው፤ ከዚያ ቅበራቸው። የገንዳውንም ውሃ ቦይ ውስጥ ከመድፋትህ በፊት በረኪና ጨምርበት፤ ዓሣዎቹ ከወጡ በኋላ ማለቴ ነው።

ጀማሪዋ ከገርጂ

ጋሼ ባለ ገንዳው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የብርጭቆው ውሃ እንዳሉት አረንጓዴ ነበር። በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ገዝቼ ገንዳውን አጨለምሁ። ሦስተኛው ቀን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፓምፑ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር! ዛሬ ከኋላ ያለው ግድግዳ ይታያል፤ አምስቱም ደህና ናቸው። ሦስቱን ቢሾፍቱ ያለችው እኅቴ ግቢዋ ውስጥ ኩሬ ስላላት እሷ ትወስዳቸዋለች፤ ልጆቹ በገና ሊጠይቋቸው ተስማምተዋል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ውሃው ቢጠራም መስታወቱ ላይ ትናንሽ አረንጓዴ ነጠብጣቦች አሉ፤ በስፖንጅ አይለቁም። ሌላው ደግሞ፣ ሻጩ አልጌ የሚበላ ዓሣ አለ፣ መስታወት ላይ በአፉ የሚጣበቅ፣ እሱን ውሰጂ ይላል። ልውሰድ?

ባለ ገንዳው

ደስ ብሎኛል እህቴ። ልጆቹም ጎበዞች ናቸው።

ነጠብጣቦቹ ሌላ ዓይነት አልጌ ናቸው፤ ጠንካራና ቀስ ብለው የሚያድጉ። በአዲስ ምላጭ አስተኝተሽ ፋቂያቸው፤ ገንዳሽ መስታወት ስለሆነ አይጫርም። ፕላስቲክ ገንዳ ያላችሁ ግን ምላጭ አታስነኩት። ማዕዘኑ ላይ ያለውን ማጣበቂያ ምላጩ እንዳይነካው፤ ከተቆረጠ ውሃ ያፈስሳል። ከውሃ ቅየራ በፊት ፍቀሽ ፍርፋሪውን በቱቦ ሳቢው።

ያ ዓሣ ፕሌኮ ይባላል። ተራው ፕሌኮ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ የሚወጣው ኩስም ከጎልድፊሽ የሚያንስ አይደለም። ሲርበው ሌሊት የጎልድፊሽን ጎን ሄዶ ይልሳል፤ ቁስል ያወጡ ዓሣዎችን በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አትውሰጂ። ሦስት ዓሣ አስወጥተሽ ቦታቸውን በሌላ ትልቅ ዓሣ መሙላት ልፋትሽን መና ያስቀረዋል።

ከዚያ ይልቅ የሚረዳሽ በየሳሎኑ የምናየው፣ ቅጠሉ ልብ የሚመስለው ሐረግ፣ ፖቶስ የሚባለው ነው። ከጎረቤት ቅርንጫፍ ለምኚ። ሥር የሚወጣበት አንጓ ውሃው ውስጥ እንዲገባ፣ ቅጠሎቹ ግን ከውጭ እንዲሆኑ በገንዳው ጠርዝ ላይ እሰሪው። ቅጠሉ መርዛማነት ስላለው ዓሣም ሕፃናትም እንዳይበሉት። ሥሩ ሲረዝም ናይትሬቱን ስለሚጠጣ ለአልጌው የሚተርፈው ይቀንሳል። ጎልድፊሾቹ ሥሩን ሊቆነጥሩት ይችላሉ፤ ከተመቸሽ በወንፊት ከልይው። ይህንኑ ሥራ ይሠራል ብለው ከሐይቅ እንቦጭ የሚያመጡ ሰዎች አሉ። ጣናን ያየ ሰው ያን አረም በእጁ ይዞ ወደ ከተማ አይገባም፤ አንድ ቁራጭ ወንዝ ውስጥ ከወደቀ የሚሆነውን እናውቃለን።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። በጠብታ የሚሠራ የናይትሬት መመርመሪያ ፈልጊና ሁለት ልኬት ውሰጂ፤ አንዱን ከገንዳው፣ ሌላውን ከሮቶው። የገንዳው በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በታች መሆን አለበት፤ 20 ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። የሮቶው ራሱ ከፍ ያለ ከሆነ በውሃ ቅየራ ብቻ አናወርደውም፤ ሐረጉን ማብዛት ይኖርብናል። ሁለቱንም ቁጥሮች እዚሁ ጻፊልኝ።